የጣሪያችን የሌሊት ወፎች ያሰጉናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያችን ሥር የሌሊት ወፎች ያድራሉ፤ ከግቢያችን የማንጎ ዛፍ ሥርም ጠዋት ጠዋት የጥርስ ምልክት ያለበት ፍሬ ወድቆ እናገኛለን። ተመራማሪዎች የኢቦላ ዘመድ የሆኑ ቫይረሶችን በሌሊት ወፍ ላይ እንደሚፈልጉ ሰምቼ ለልጆቼ ሰጋሁ። ጣሪያውን በጭስ ላጥነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎን አያጥኑት። በጭስ የታወኩ የሌሊት ወፎች ወደ ክፍል ይገባሉ፣ መሬትም ይወድቃሉ፤ የወደቀውን ደግሞ ቀድሞ የሚያነሳው ልጅ ነው።

ምርመራው የሚካሄደው እንስሳቱን በቀጭን መረብ ይዞ፣ ከአፋቸውና ከፊንጢጣቸው በጥጥ ናሙና፣ ከክንፋቸውም ጥቂት ደም በመውሰድ ነው። ፒሲአር በተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ የቫይረሱ የዘር ቅንጣት ይፈለጋል፤ በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ሲገኝ ግን እንስሳው ቀድሞ ለቫይረሱ መጋለጡን እንጂ ዛሬ እያስተላለፈ መሆኑን አያሳይም። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ሁለቱን ውጤቶች አንድ አድርጎ ስለሚወስዳቸው ይመስለኛል።

ለእርስዎ ቤት የሚቀርበው ምሳሌ የቦምባሊ ቫይረስ ነው። ይህ የኢቦላ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሴራሊዮን፣ በሰው ቤት ውስጥ ከሚያድሩ ነፍሳት በል የሌሊት ወፎች መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ በኋላም በኬንያ ታየ፤ ሰውን ማሳመሙ ግን አልታወቀም። ሰውን የሚያሳምመው ሌላው የኢቦላ ዘመድ፣ የማርበርግ ቫይረስ፣ ነገሩ ይለያል። በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ ከሚኖሩ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ሕያው ቫይረሱ በኡጋንዳ ተገኝቷል፤ በሽታውም በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአገራችን፣ በጂንካ መከሰቱ ተረጋግጧል። ስለዚህ ልጆችዎ በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ዋሻዎች ገብተው እንዳይጫወቱ አጥብቄ እመክራለሁ።

የተገመጠውን ማንጎ ይጣሉ፤ ደህናውን አጥበውና ልጠው ይብሉ። ኩሱን በደረቁ አይጥረጉ፤ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ጓንት አድርገው፣ በረኪና ባለበት ውኃ ካራሱት በኋላ ያንሱት። ግልገሎች በሌሉበት ወቅት፣ ሲመሽ ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ ቀዳዳውን ይድፈኑት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ንክሻ ነው፤ የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታን የመሰለ ገዳይ ሕመም ሊያስተላልፍ ይችላል። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጠጠ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥበው በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ሲነሳ ቀድመው የሚታሰቡት ወባና ደንጊ ናቸውና፣ ልጁ የሌሊት ወፍ ነክቶ ወይም ዋሻ ገብቶ ከነበረ፣ ባይጠየቁም እንኳ ለሐኪሙ ይንገሩት።