የሳይክል ጥያቄና መልስ፦ የቀትር ፀሐይ፣ የደንገጎ ቁልቁለትና የግራ ፔዳል

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የጎማ ናቸው። ከሱ ልጀምር።

«ካላማዳሪያዬ በየሳምንቱ ይተነፍሳል። አስለጠፍኩ፣ አዲስም ገዛሁ፣ ያው ነው። ሠሪዎቹ እያታለሉኝ ይሆን?» (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ማታለል እንኳን ላይሆን ይችላል። ግን ቀዳዳውን ለጥፎ፣ ምን እንደቀደደው ሳያይ ሳይክሉን የሚመልስ ሠሪ ሞልቷል። ወንድሜ፣ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ራሱ ይናገራል። መንገዱን በሚነካው በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ወግቶታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የወጋው ነገር አሁንም ጎማው ላይ እንደተሰካ ነው። አዲሱንም የበላብህ እሱ ነው። ቀዳዳው ከውስጥ፣ በቸርኬው (ጎማው በተገጠመበት ክብ ብረት) በኩል ከሆነ፣ ቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው ላስቲክ ሸሽቶ ቸርኬውን የወጠረው ሽቦ ጫፍ እየወጋው ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካየህ ነፋሱ አንሷል፤ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ካላማዳሪያው ከቸርኬው ጋር ተቀርጥፏል።

ስለዚህ ስታወጣው በየት በኩል እንደነበር ልብ በል። ቀዳዳው ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካና ጎማው ላይ እዚያው ቦታ ፈልግ። በጣትህ አትዳብስ፣ ይወጋሃል። ቁራጭ ጨርቅ በጎማው ውስጥ ጎትት፤ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። ከዚያ በፒንሳ መንቀል ነው።

ስለ ማስቲሹም አንድ ነገር ልበል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግ፣ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ከዚያ ጠብቅ። እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ላስቲክ በድሬ ሙቀት ወዲያው ይላቀቃል። «አቦ ቶሎ በል!» የሚል ደንበኛ ሲቆምበት ሠሪው የሚዘልላት ይህችን አምስት ደቂቃ ነው።

«ፀሐይ ላይ ያቆምኩት ሳይክል ጎማው ፈነዳ። ቀን ቀን ነፋስ ልቀንስ?» (ከገንደ ቆሬ)

አይቀንሱ። ፀሐይዋ ያለ ሥራዋ ነው የምትወቀሰው። ጠዋት በ25 ዲግሪ 50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሞላ ጎማ፣ ውስጡ እስከ 55 ዲግሪ ቢግል 56 ገደማ ቢደርስ ነው። ጤነኛ ጎማ ይህን ይችላል። የፈነዳው ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ክሩ የወጣ ወይም ቸርኬው ላይ በደንብ ያልተቀመጠ ጎማ ይሆናል። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አይለፉ። ነፋስ ቀንሰው ቢነዱት ግን ያ ያልኩት ሁለት ቀዳዳ ይመጣብዎታል። ጥላ ካገኙ ማቆሙ ጥሩ ነው፤ ላስቲክን የሚያደርቀው ፀሐይ መሆኑ አይካድም።

«ከደንገጎ ወደ ድሬ ስወርድ ፍሬኑ መሽተት ይጀምራል። ችግር አለው?» (አንድ ተማሪ)

አለው እንጂ! ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን ያን ሁሉ ቁልቁለት ተይዞ ከወረደ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን አንተው አስበው። ሳትለቅ ከመያዝ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ደግመህ ያዝ። የፊቱንም የኋላውንም ተጠቀም። መሽተት ከጀመረ ዳር ይዘህ ቁም። ቸርኬውን በእጅህ እንዳትነካ። ከመውጣትህ በፊት የፍሬን ላስቲኩ ላይ ያሉትን ቦዮች እይ፤ ጠፍተው ልሙጥ ከሆነ ቀይር፣ ርካሽ ነው።

«ሰንሰለቴን የተቃጠለ የመኪና ዘይት እቀባዋለሁ። ግን ይንቋቋል።» (ከሐረር፣ ጁገል)

ዘይቱን ተወው። ወፍራም ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ከዚያ ሰንሰለቱን የሚሞርደው ያ ጥቁር ጭቃ ነው። በነጭ ጋዝ አጥበህ አድርቀው፤ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርግና ላዩን በጨርቅ ጥረግ። የስፌት መኪና ዘይት ይሆናል። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር አጠገብህ እያለ ዘይት አጣሁ አትበለኝ። ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ቶሎ ቶሎ መጨመር ይፈልጋል።

አሁንም ከተንቋቋ ለካው። ከአንድ ፒን መሃል ተነስተህ፣ የተነሳህበትን ሳትቆጥር፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል። አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.6 ካለፈ ቀይረው። 30.8 ገደማ ከደረሰ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሶችም አብረው አልቀዋል፤ ሰንሰለት ብቻ ብትቀይር አዲሱ እየዘለለ ያስቸግርሃል።

«የግራ ፔዳል አልፈታ አለኝ። ቁልፉ ላይ ቆሜበት ሁሉ አየሁ።» (ከከዚራ)

እህቴ፣ እያጠበቅሽው ነው። የግራው ፔዳል መጠምዘዣ ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሲነዳ ራሱን እንዳይፈታ ሆን ተብሎ የተሠራ። ቁልፉን ሽቅብ አቁመሽ ወደ ኋላው ጎማ ግፊው፤ ቀኙም ግራውም እንደዚያ ነው የሚፈታው። ስትመልሺው ግራሶ ቀቢና በጣትሽ አስጀምሪው። ቁልፍ የሚነሳው ፔዳሉ በጣት ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው።