ጥያቄና መልስ፦ የአርማታ ሰርጓጅ

ጥያቄ፦ ለሁለት ሰው የሚሆን፣ እስከ 50 ሜትር የሚጠልቅ ሰርጓጅ ጀልባ በብረት ፋንታ ከአርማታ መሥራት ይቻላል? ካርቦን ፋይበርስ (በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ንብርብር) አይሻልም?

መልስ፦ በአርማታ ይቻላል። ኮንክሪት ሲጎተት ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሲጨመቅ ግን ብርቱ ነው፤ ውኃ ደግሞ ከየአቅጣጫው ይጨምቃል። በ50 ሜትር ጥልቀት የውኃው ግፊት 5 ባር ገደማ ይሆናል። የውጭ ዲያሜትሩ 2 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሉል ግድግዳ ላይ 2.5 ሜጋፓስካል (25 ባር) ያህል ጫና ያርፋል፤ ጥሩ ኮንክሪት 40 ሜጋፓስካል ይችላል።

ክብደቱን አስቀድመው ያስሉ። ሉሉ 4.2 ቶን ውኃ ይገፋል፤ ኮንክሪቱ 2.7 ቶን ይመዝናል። ለሰው፣ ለባትሪና ለማመጣጠኛ ክብደት 1.5 ቶን ይተርፋል። ለጥንቃቄ ብለው ውፍረቱን 15 ሳንቲ ሜትር ካደረጉት ግን የሚተርፈው 300 ኪሎ ብቻ ነው፤ አይበቃም።

የሚያሰጋው በሩና መስኮቱ ነው። ጫናው ወደ ቀዳዳው ጠርዝ ይሰበሰባል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ስለዚህ ወፍራም የብረት ቀለበት ከፌሮው ጋር ተይዞ አብሮ ይሞላ። ሙሌቱ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ ይጠናቀቅ፤ በመሐል ካደረ መጋጠሚያው ውኃ ያስገባል። የውኃው መጠን ከሲሚንቶው ክብደት 40 በመቶ አይብለጥ፤ ለ28 ቀን እርጥበት አይለየው።

ካርቦን ፋይበርን ይተዉት። ብርታቱ ሲጎተት ነው፤ በተደጋጋሚ ሲጨመቅ ንብርብሩ ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል፣ ጉዳቱም በዓይን አይታይም። በ2023 አምስት ሰዎች ይዛ የጠፋችው ታይታን የተባለች ሰርጓጅ ዋና አካሏ ከዚሁ የተሠራ ነበር።

ሰው ከመግባቱ በፊት ባዶውን በገመድ 75 ሜትር ያውርዱት፣ አንድ ሰዓት ያቆዩት፣ ይደጋግሙት። ባዶውን ስለሚንሳፈፍ ከ1.5 ቶን በላይ ክብደት ይጫንበት።