ምድር ቤት የተከራዩት እህትማማቾች

ሁለት እህትማማቾች ኒውዮርክ መጥተው ምድር ቤት የሚከራዩበት፣ ቤቱ በፍንዳታ የሚናጥበት የድሮ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ፊልም ያልሽው «ማይ ሲስተር አይሊን» ነው። የ1955ቱን (እ.ኤ.አ.) ፈልጊ፣ የ1942ቱ ዘፈን የለውም፣ እንዳትሸወጂ። ቤቲ ጋሬት ደራሲ ለመሆን የምትፍጨረጨረው ሩት ናት፤ ጃኔት ሊ ደግሞ ወንዱን ሁሉ የምታፈዘው አይሊን። ፍንዳታው ከቤቱ በታች ለሚቆፈረው የባቡር መስመር ነው። ጃክ ሌመንም ይዘፍናል፣ ድምፁ እንኳ ያን ያህል አይደለም። እኔን የገደለኝ ግን ቦብ ፎሲና ቶሚ ራል ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን እያሽከረከሩ፣ አንዱ ሌላውን ሊበልጥ እየዘለለ እየተገለባበጠ የሚፎካከሩበት ጭፈራ ነው። ያቀናበረውም ራሱ ፎሲ ነው፤ ያኔ ገና ስሙ አልገነነም። ታሪኩ ባይጥምሽ እንኳ እሱን ሳታዪ እንዳትዘጊው።