መልስ፦ ኤልኩ ይመልስልኛል፣ ግን አይጠጋም

ወንድሜ፣ ኤልክ (ትልቁን የሰሜን አሜሪካ አጋዘን) በቀስት ስታድን «ኮርማው፣ ማለትም ወንዱ ኤልክ፣ የሴት ድምፅ አስመስዬ ስጠራው ይመልሳል፣ 70 ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል» ላልከው፣ እኔም ኮሎራዶ ውስጥ በዚሁ ነገር ስቃጠል ነው የከረምኩት። እንስሳው ሞኝ አይደለም። የሴት ድምፅ የሰማበትን ቦታ ማየት ከቻለና ሴቷ ከሌለች፣ ለምን ይመጣል? ስለዚህ የሚጠራው ጓደኛህ ከኋላህ 40 ወይም 50 ሜትር ርቆ ይቀመጥ፣ አንተ ቀስትህን ይዘህ ከፊት ሁን። ብቻህን ከሆንክ ጠርተህ ወዲያው በዝግታ ወደ ፊት ተጠጋ።

ከሁሉም በላይ ግን ነፋሱን እይ! ኮርማው ብዙ ጊዜ ዞሮ ነፋሱ ወደሚነፍስበት በኩል ነው የሚመጣው፣ ሊያሸትህ። ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል፤ እኔ ትንሽ ዱቄት በጠርሙስ ይዤ ብን እያደረግኩ ነው የማየው። የኮርማ ጩኸት እያስመሰልክ አታብዛ፣ ተቀናቃኝ መስለኸው ሴቶቹን ነድቶ ጥሎህ ይሄዳል። ቀስቱን የምትስበው ጭንቅላቱ ዛፍ ሲከልለው ነው። ፊት ለፊት ከቆመ ተወው፣ ጎኑን እስኪሰጥህ ጠብቅ።