«ዲግሪሽን ይዘሽ ገለባ ልታገላብጪ ነው?»

ውድ እህቴ፣

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀሻል። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከሚጥሉት ልጣጭ ኮምፖስት አዘጋጅተሽ ለመሸጥ አስበሻል። አባትሽ በርዕሱ ላይ ያሰፈርኩትን እያሉ ወደ ባንክ ይገፉሻል፤ አጎትሽ ደግሞ የቡና ማሳቸውን አስይዘው ብድር ሊያወጡልሽ ተነሥተዋል። ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ሁለተኛው ዲግሪ ይቆይ። የባንኩን ፈተና ለአባትሽ ብለሽ ብትፈተኚው ጉዳት የለውም።

ነገር ግን አባትሽ «ገለባ» ያሉት ከእሸት ቡናው ክብደት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ልጣጭ ነው። ወንዝ ዳር ተከምሮ ሲበሰብስ የሚወርደው ፈሳሽ የውሃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ በለቀማ ወራት በጎማና በማና ወረዳ ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። አባትሽን ያሳፈራቸው የጎረቤት ወሬ ይመስለኛል፤ ጎረቤት ደግሞ ደመወዝ አይከፍልሽም።

የእኔ ሥጋት ብድሩ ነው። የአጎትሽን ማሳ አታስይዢ። ልጣጭ የሚገኘው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ኮምፖስቱ እስኪበስል ሦስትና አራት ወር ይፈልጋል፤ ወለዱ ግን በየወሩ ይቆጠራል። ከዚያም በላይ የምትሸጪው ነገር ገና በእጅሽ የለም። ትኩስ ልጣጭ ከሦስት አራተኛው በላይ ውሃ ነው፤ ብቻውን ከከመርሽው ይጣበቃል፣ አየር ያጣል፣ ይገማል። ከደረቅ ቡና መፈልፈያ የሚወጣ ገለባ ወይም የተከተፈ የበቆሎ አገዳ፣ ከእበት ጋር ቀላቅለሽ ካርቦኑን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ አድርሺው። ጨብጠሽ ስትጨምቂው ጠብ ጠብ ካለ እርጥበቱ በቂ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል። የክምሩ ውስጥ ሙቀት 55 ዲግሪ አልፎ ለቀናት ካልቆየ የአረም ዘሩም በሽታ አምጪውም አይሞትም። እየለካሽ ማገላበጥ አለብሽ፤ አባትሽ የናቁት ማገላበጥ የሙያው ዋና ክፍል ነው።

ካፌይኑና ታኒኑ በወጉ ካልተብላላ ችግኝ ያቀጭጫል። ስለዚህ ከመሸጥሽ በፊት የጎመን ዘር በኮምፖስቱም በተራ አፈርም ዘርተሽ አነጻጽሪ። መደቡ አንዴ የተበላሸበት ገበሬ ዳግመኛ በርሽን አያንኳኳም። «የፋብሪካ ማዳበሪያ ይተካል» ብለሽም ቃል አትግቢ፤ የቡና ልጣጭ ፖታሲየም ይበዛዋል፣ ፎስፈረስ ያንሰዋል፤ የአካባቢያችን አፈር ደግሞ አሲዳማ ስለሆነ ብዙ ቦታ ኖራም ይፈልጋል።

እኔ ብሆን አንድ የለቀማ ወቅት ማጠቢያ ጣቢያ እቀጠራለሁ። ሥራ የጀመርኩት እዚያው እሸት ቡና እየመዘገብኩ ስለሆነ አድልቼ ይሆናል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለልጣጩ ማስወገጃ የሚያወጣውን ወጪ በዓይንሽ ታያለሽ። ከግቢው አንድ ጥግ ለምነሽ፣ ወገብ የሚያልፍ ክምር ሠርተሽ፣ የደረሰውን ናሙና ላቦራቶሪ አስመርምሪ። የመጀመሪያ ደንበኞችሽ የቡና ችግኝ ጣቢያዎችና የከተማው አትክልት አምራቾች ይሁኑ። የበቆሎ ገበሬ ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ስለሚያስፈልገው የመኪና ኪራዩ ትርፍሽን ይበላዋል።

ለቀማው ጥቅምት ላይ ስለሚጀምር ጣቢያዎቹን ከአሁኑ ዞረሽ ጠይቂ። አጎትሽ መርዳት ከፈለጉ የሙቀት መለኪያና ሁለት አካፋ ይግዙልሽ።