ደብተሩስ ታደለ፤ ወንዙስ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሞጆ ውስጥ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ዘንድሮ ለ200 ተማሪዎች ደብተር ሰጠን፤ ለሰፈሩ ወጣቶችም ማልያ ገዛን። ሥራ አስኪያጃችን «የማህበራዊ ኃላፊነት ሪፖርቱን አንቺ ጻፊልን» ብለውኛል። ግን ማታ ማታ ፍሳሹ ሳይታከም ወንዝ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ልጻፈው ወይስ ይቅርብኝ?
የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከሞጆ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። እኔም 19 ዓመት ቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ፀጉር የሚነቀልበት የኖራና የሰልፋይድ ውሃ፣ ቆዳ ከሚለፋበት አሲድ ያለው የክሮም ውሃ ጋር ሲገናኝ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ሰው ይገድላል። ሁለቱ በየራሳቸው ቦይ መሄድ ያለባቸው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ግን ማታ አንድ ላይ ይለቀቁ ነበር። ናሙና የምወስደው በቀን፣ የፍሳሽ ማከሚያው ሲሠራ ብቻ ነበር። ወረቀቱ ላይ ውጤቱ ሁሌም ጥሩ ነበር። እኔም ፈርሜበታለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሞጆ ወንዝ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ዳር ዳሩን ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል፤ ከብት ይጠጣዋል። ደብተር የተሰጠው ልጅ አባት እዚያው ሽንኩርት ያጠጣ ይሆናል። ደብተሩ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ያስፈልጋቸዋል። ግን ያበደርሽው ሰው ብድሩን ሳይመልስ ሰንጋ ጥሎ ቢጋብዝሽ፣ ብድሩ አልተከፈለም።

ሪፖርቱን ጻፊው። ደብተሩንና ማልያውን በቁጥር አስፍሪ። «ፍሳሹ በአግባቡ ይታከማል» የሚል መስመር ጨምሪ ካሉሽ ግን እንቢ በይ።

ደግሞ አንቺ ሌላው ሠራተኛ የማያየውን ታያለሽ፦ ደረሰኝ። የማይሠራ ማከሚያ ኬሚካል አይበላም። የገባውን ቆዳና የተገዛውን የማከሚያ ኬሚካል ወር በወር አስተያዪ። ምርቱ ጨምሮ ኬሚካሉ ካነሰ፣ መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን አናግሪያቸው። ክሮሙን በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ መጠቀም እንደሚቻል ንገሪያቸው። የሚደፉት ገንዘባቸውን ነው። አንዳንድ አለቃ ጆሮው የሚከፈተው በዚህ በኩል ነው።

ካልሰሙ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ እሱን ባይነካውም፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የእንጀራሽ ነገር እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ። ብቻሽን አትጋፈጪው። ከወንዙ በታች ያሉትን አትክልት አምራቾች አናግሪ፤ አቤቱታውን እነሱ ቢያስገቡት ያንቺ ስም መነሳት የለበትም። የፋብሪካውን ሰነድ ግን እንዳታወጪ፤ በዚያ ሰበብ ያባርሩሻል። ፍሳሹ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት ከዛሬ ማታ ጀምረሽ በራስሽ ደብተር መዝግቢ።