ማን ቀድሞ ይነሳ?

ልጆች፣ ዛሬ ስለ ቦርሳ ዚፕ ልጻፍላችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ቢሮ ውስጥ የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላም ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም ነበር። ሥራ ኖሮ እንዳይመስላችሁ። አንዱ የዘጋውን ፋይል መልሶ ይከፍታል፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ማውዙን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል፣ እኔ ደግሞ ሦስቴ ያነበብኩትን ደብዳቤ ለአራተኛ ጊዜ አነባለሁ። ጆሯችን ግን አንዲት የሥራ ባልደረባችን ጋ ነው። እሷ ልጇን ከትምህርት ቤት ማውጣት ስላለባት የማንንም ፊት አታይም። የቦርሳዋ ዚፕ «ዝዝዝ» ሲል አጠገቧ ያለው ይነሳል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ቢሮው ጭር ይላል። አንድ ቀን ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። እኛም በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል በባዶ መቀመጥ ጀመርን። ደንቡ ያው፣ አለቃው ያው፣ ሰዎቹም ያው። የጎደለችው አንድ ሰው ብቻ ናት።

ያኔ ፈሪዎች ስለሆንን ይመስለኝ ነበር። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 የጻፈውን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ አደባባይ ላይ 100 ሰው ቆሟል እንበል። የመጀመሪያው ማንንም ሳይጠብቅ ድንጋይ ይወረውራል። ሁለተኛው አንድ ሰው ሲወረውር ካየ ይከተላል፣ ሦስተኛው ሁለት ሰው ማየት አለበት፣ አራተኛው ሦስት፣ እንዲህ እያለ እስከ መቶኛው ይሄዳል። መቶውም ይነሳሉ። አሁን ያን ሁለተኛ ሰው አውጡና «ሁለት ሰው ካላየሁ አልነሳም» በሚል ሰው ተኩት። አንዱ ይወረውራል፣ 99ኙ ቆመው ያዩታል። በቃ። በማግስቱ ወሬውን የሚሰማ ሰው ግን የፊተኛውን ሕዝብ ቁጡ፣ የኋለኛውን ጨዋ ብሎ ይገላገላል። እኔም ስንቱን የሥራ ቡድን «እነዚህ ሰነፎች ናቸው» ብዬ እንደፈረድኩበት ሳስበው ያሳፍረኛል። ማን ማንን እያየ እንደሚነሳ ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሌላ ታሪክ። ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለ?» የምትባለዋን ነገር መቼም ታውቋታላችሁ። አንድ ጊዜ የቀረበልን የበጀት ሠንጠረዥ ድምሩ እንደማይገጥም አየሁና በእርሳስ ከበብኩት። ቀና ስል ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ዝም አልኩ። ስንወጣ ደረጃው ላይ አንዱ ወረቀቱን አሳየኝ፣ እሱም ከብቦታል። ኋላ ስንቆጥር አራት ነበርን። አራት ክብ፣ አንድም ድምፅ የለም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደረገው ሙከራ ልክ ይሄን ነው የሚያሳየው። የመስመሮችን ርዝመት ማወዳደር ነው፣ ሕፃን የማይስተው ነገር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ግን አስቀድመው ተነግሯቸው እያወቁ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከተፈተኑት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከስህተቱ ጋር ተስማሙ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር፣ ከብዙኃኑ ጋር የሚነጉደው ቁጥር በአንዴ ወረደ። እና ያን ቀን ከአራታችን አንዱ ጉሮሮውን ቢጠርግ ኖሮ...

ግን ልናዘዝ። ዝም ያልኩት ለዚህ ብቻ አልነበረም። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ከዚያ በፊት ቸግሮኝ ገንዘብ አበድሮኝ ነበር። ብሩን ከፍያለሁ። ውለታው ግን እንዳለ ነው፣ ያበደራችሁን ሰው ሰው ፊት «ተሳስተሃል» ማለት እንዴት እንደሚያንቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ማን ማንን አስቀጠረ፣ ማን ለማን ዋስ ሆነ፣ የማን ዕድገት በማን ፊርማ ያልፋል፣ ይሄ ሁሉ የትኛውም የመሥሪያ ቤት መዋቅር ላይ አይሳልም። እጅ ሲወጣ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከውለታ ሽሹ አልላችሁም፣ የሸሹትን አይቻቸዋለሁ፣ የሚጠይቃቸው እንኳ የለም። የምላችሁ፣ ባለውለታዎቻችሁ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አይሁኑ። ያኔ አፋችሁ የእናንተ አይደለም።

ሥራ ፍለጋ ላይም እንዲሁ ነው። ይኸው ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን፣ ያን ሰው ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠይቋል። አዘውትረው የሚያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። አልፎ አልፎ ያሉት 55.6፣ ከስንት አንዴ ያሉት 27.8 በመቶ። የልብ ጓደኛ ስለማይወዳችሁ አይደለም። እናንተ የሰማችሁትን ነው እሱም የሰማው። እኔም ረጅሙን ሥራዬን የነገረኝ፣ አንድ ሥልጠና ላይ አጠገቤ ተቀምጦ እስክሪብቶ የተዋሰኝ ሰው ነው። (እስክሪብቶዬን ይዞት ሄደ፣ ሊመልስልኝ ሲደውል ነው ወሬውን የነገረኝ።)

ስልካችሁ ላይ ሁሉ ሰው ከእናንተ የበዛ ወዳጅ ያለው ሲመስላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ስኮት ፌልድ የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 በሒሳብ አሳይቶታል፤ ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው በብዙ ሰው ዝርዝር ውስጥ ስለሚገባ፣ አብዛኛው ሰው ከጓደኞቹ አማካይ ያነሰ ጓደኛ ነው ያለው።

ወደ ዚፑ ልመለስ። በኋላ እኔም የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው አዲስ የገባውን ልጅ ነበር፣ የኔን ሐሳብ ሳይሰማ። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ቦርሳዬን ቀድሜ እዘጋለሁ። ዚፑ አርጅቶ በጣም ይጮህ ነበር። ልጆቼ ቀይረው ብለው ቢለምኑኝም ጡረታ እስክወጣ አልቀየርኩትም።